በደጃችን ሳይቆም ስለሚያልፈው ባቡር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባቡር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ደቂቃ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና ለመኪናዎ ሾፌር የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ሾፌርዎን ለይቼ መጥቀሴ፣ ባቡር እንደማይሳፈሩ ስለማውቅና የእርስዎም ጤና በእሱ እጅ ስለሆነ ነው። እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል እንጂ እንተዋወቃለን፤ የከተማው ባቡር እስከ ሐይቁ መዝናኛ ድረስ ሲራዘም የእኛን ጣቢያ መርቀው ከፍተው ነበር፤ ያን ዕለት የቆረጡትን ቀይ ሪባን ጠርዙን የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። መቀሱም የእኔ ነበር። እስካሁን አልተመለሰም፤ ሆኖም እሱን ከቅሬታ አልቆጥረውም።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ሰፈራችን ለእርስዎ ያለውን ምስጋና በቁጥር በቁጥር አድርጌ ለማቅረብ ሲሆን፣ አንዲት ትንሽ ልመናም አለችኝ። ነገር እንዳይንዛዛ ልመናዋን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በደጃችን የሚያልፈው ባቡር ለአንድ ደቂቃ ቢቆም፣ በከተማው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራው ሚስቴ ከባቡሩ ወርዳ የአራት ዓመት ልጃችንን ሳትተኛ ታገኛታለች። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ለጣቢያው ራሱ እናመሰግናለን። የመስታወት ጣሪያ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበርና በሁለት በኩል የሚታይ ትልቅ ሰዓት አለን። ባቡሩ ለሙከራ ሦስት ወር ያህል ከቆመልን በኋላ መቆሙን ስለተወው ዕቃው ሁሉ እንደ አዲስ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ግን ከቦታቸው አልተነሡም። የሰፈሩ ልጆች “ጋሽ ፊሽካ” የሚሏቸው እኚህ ሃምሳ ያለፋቸው ጨዋ ሰው፣ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ አረንጓዴ ባንዲራቸውን ይዘው፣ ለማይቆም ባቡር በቀን አሥራ አራት ጊዜ ፊሽካ ይነፋሉ። ድምፅ ማጉያውም ከእሳቸው ያልተናነሰ ታማኝ ነው፤ “ውድ ተሳፋሪዎች፣ ባቡሩ እየገባ ስለሆነ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉ” ይላል፤ እኛም ፈቀቅ እንላለን፤ ባቡሩም ያልፋል። የጥንት ሰዎች “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ብለው ተክዘው ነበር። እኛ ከእነሱ በእጅጉ እንሻላለን፤ ላማችንን በቀን አሥራ አራት ጊዜ እናያታለን።

ሁለተኛ፣ ባቡሩ እንዳይቆም ምክንያት የሆነውን ጥናት ላካሄደው ክፍልዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል፤ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው፤ ከእኛም ይልቅ የእኔ ነው። ሰፈራችን የጣቢያ አስዋቢ ኮሚቴ አለው፤ እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። ከመሥሪያ ቤትዎ “ሐሙስ ዕለት ባለሙያዎች ጣቢያውን ለመመልከት ይመጣሉ” የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ሲደርሰን፣ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግን፤ ቤታችንን ጠረግን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መሳፈሪያውን በሳሙና አጠብነው፣ ወንበሮቹን ወለወልን፣ የሰዓቱን ፊት ሳይቀር በመሰላል ወጥተን አሸነው። ከዚያም ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ እንግዶቹ አይተው እስኪሄዱ ድረስ ማንም ሰው በጫማው እንዳይረግጠው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በየቀኑ ከጣቢያችን የሚሳፈሩትን ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች እየዞርን “ለአንድ ቀን ብቻ በአውቶቡስ ሂዱልን፣ የሰፈሩን ስም አታስጠፉ” ብለን ለመንናቸው። ጡረታ የወጡትን የትምህርት ቤት ዘበኛ ከነዱላቸው በሩ ላይ አቆምናቸው። ሚስቴ “ሰው ያልረገጠው ጣቢያ ምኑን ጣቢያ ሆነ?” ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን “አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ” ብዬ በአውቶቡስ ሰደድኳት።

ሦስት ባለሙያዎች መጥተው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው ወረቀት ይዘዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አይጽፉም። እኛ በንጽሕናው አፋቸውን ይዘው ነው ብለን ከአጥሩ ወዲህ ሆነን እርስ በርሳችን ተጠቃቀስን፤ ሻይም አመላለስን። ቀትር ላይ አንዷ ባለሙያ ግራ ገብቷት “እዚህ ሰው የለም እንዴ?” ብላ ብትጠይቅ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ የቀድሞው ርእሰ መምህራችን፣ ደረታቸውን ነፍተው “አንድም ሰው አያገኙም፣ እመቤቴ!” አሏት። እሷም ጻፈች። ለካ ሰዎቹ የመጡት ተሳፋሪ ሊቆጥሩ ኖሯል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ “የጣቢያው ንጽሕና፦ እጅግ በጣም ጥሩ፤ የተሳፋሪ ብዛት፦ የለም” የሚል ሪፖርት ደረሰን፤ ተሳፋሪ በሌለበት ጣቢያ ባቡር አይቆምምና በዚያው ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ እኛን ብታይ ራሷን ይቅር በምትል ነበር። በሦስቱ ወር ውስጥ ከጣቢያችን የተቆረጠው ትኬት ጉርድ ሁሉ እዚያው እርስዎ ሕንፃ ውስጥ፣ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ዘወር ብሎ ያየው ሰው አለመኖሩ ግን የእኛ ጥፋት አይመስለኝም።

ስህተቱን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጥቻለሁ። የጥናት ክፍሉ ኃላፊ በጣም ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ቢያንስ ስድሳ ሰው በተከታታይ ለሠላሳ ቀን ከጣቢያችን መሳፈሩ መረጋገጥ አለበት አሉኝ። በማይቆም ባቡር ላይ በምን ዘዴ እንደምንሳፈር ብጠይቃቸው፣ “እሱ እንኳ ኦፕሬሽን ክፍልን ነው የሚመለከተው፤ ሦስተኛ ፎቅ” አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ኦፕሬሽን “ጥናት ካልፈቀደ አናቆምም” አለኝ። ወደ ታች ስመለስ ግን አንድ ነገር ልቤን ነካው፤ የሕንፃዎ ሊፍት ሰው ኖረም አልኖረ በየፎቁ ይቆማል።

ሦስተኛውን ቁጥር እንደ ባቡርዎ ሳልቆም አልፌዋለሁ። እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ ቅሬታ ካለ በአውቶቡስ ይምጣ።

አራተኛ፣ ሰፈራችንን ለዓለም ስላስተዋወቁልን። ባሳተሙት ባለቀለም መጽሔት ላይ እኛ “ከባቡሩ መስኮት የሚታይ ማራኪ የገጠር ሕይወት” ተብለናል። ጎረቤታችን አትክልት ነጋዴዋ የባሏን ቁምጣ ስታሰጣ ሙሉ ገጽ ይዛ ወጥታለች፤ ባልየው ፎቶውን ካየ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ የምታሰጣው የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው። ወደፊት ፎቶ የሚነሣው በግራ በኩል ይሁን በቀኝ አስቀድመው ቢያስታውቁን፣ እኛም በዚያው በኩል ማራኪ እንሆናለን።

አምስተኛ፣ ስለ ቁጥሩ። ባለፈው ወር በቴሌቪዥን ቀርበው ወደ ሐይቁ የሚሄደው የአገር ውስጥ ቱሪስት በመንፈቅ ውስጥ በአርባ በመቶ ማደጉን ሲያበሥሩ ሰፈራችን በሙሉ አጨበጨበ። ያጨበጨብነው ቱሪስቶቹ እኛ ስለሆንን ነው። አውቶቡሱ ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ ከተማ የሚውለው ሠራተኛ ሁሉ ማታ ማታ የሐይቁን ባቡር ይሳፈርና፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ሽው ብሎ አልፎ፣ ሐይቁ ጋ ይወርድና በሚኒባስ ወደ ኋላ ይመለሳል። መውጫው ላይ ያለው ማሽን አንድ በአንድ ቱሪስት እያለ ይቆጥረዋል። ግንበኛው ከነሲሚንቶ ማንኪያው ቱሪስት ነው። የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ዱቄቱን ሳያራግፍ ቱሪስት ነው። ሚስቴም ከእሁድ በቀር በየቀኑ ሐይቅ የምትጎበኝ የተከበረች ቱሪስት ሆናለች። አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ሠራተኛዎ አስቁሟት “ሐይቃችንን እንዴት አገኙት?” ቢላት፣ “ወንድሜ፣ አላየሁትም፤ ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው” ብላው ሮጠች። መልሷን ከየትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳስገባው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሚስቴ ቤት የምትደርሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጃችን የምትተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጠዋት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ልጅቷ በተኛችበት ሳም አድርጋት ትወጣለች። ባቡሩ ይቆምልን በነበረባቸው ሦስት ወራት እናትና ልጅ አብረው እራት ይበሉ ነበር፤ ልጅቷም ውሎዋን ሁሉ፣ ማን እንደመታትና ማንን እንደመታች ሳይቀር፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ ትተርክላት ነበር። ዛሬ ልጄ እናቷን በቀን ለአራት ሰከንድ ታያታለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የስፌት መኪናዬን ከድኜ፣ ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ሚስቴ ከሰው መሐል ተለይታ እንድትታይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ደማቅ ብርቱካናማ ሻሽ ሰፍቼላታለሁ፤ ሦስተኛው ፉርጎ መስኮት ላይ ቆማ ታውለበልብልናለች። ባለፈው ሳምንት ዝናብ መስኮቱን ሸፍኖት ልጅቷ ሳታያት ቀረች። ለምን ባቡሩን እንዳልያዝኩት ጠይቃኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ሊያልቅብኝ ነው፤ ተናድጃለሁ። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ በራሴና በመጥረጊያዬም ተናድጃለሁ። ሚስቴ ያን ሐሙስ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ደክሟት ትገባለች፣ ልጅቷን ታያለች፣ ብርድ ልብሱን ታስተካክልላታለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ያችኑ አንድ ደቂቃ ነው። ቱሪስቶችዎ እንዳይዘገዩ ሰግተው እንደሆነ፣ ሐይቁ ከአያቶቻችን በፊት ጀምሮ እዚያው የተኛ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ የትም አይሄድም። ልጅ ግን አትጠብቅም፤ ባለፈው ወር የሰፋሁላት ቀሚስ ዛሬ አጥሯታል።

ባቡርዎ ይርዘም፣ ሐዲድዎ አይዛግ፣ ሪፖርትዎ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይውጣ፤ እርስዎም ከወንበርዎ መውረድ ሲያምርዎት፣ እንደ እኛ ሳይሆን፣ በፈለጉበት ቦታ የሚያወርድዎ ይስጥዎ እያልኩ ከልብ እመርቃለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊው፣
የጣቢያ አስዋቢ ኮሚቴ የቀድሞ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ክፍል (ሲገኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ሱቄ የመጡ ደንበኞች ልጄን ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብለው ቢጠይቋት፣ “ቱሪስት” አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ። ለምን ሲሏት፣ “ከእማዬ ጋር እንድሆን” አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። መሥሪያ ቤትዎ ቱሪስት አድርጎ የሚቆጥረው ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ በደብዳቤ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።