ነፋሱን ትተህ ብረቱን መታህ

ለታናሽ ወንድሜ ለቢያክ ቩም፣ ኳላ ላምፑር።

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ታላቅህ ታንግ ክዮ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ጥርሴ አልቋል፤ ዓይኔ ግን ዛሬም የወፍ ምንቃር ይለያል። ይህን የምነግርህ ዓይኔን እንዳታማ ነው።

ለመከር መጥተህ ሳለ ጠመንጃዬን ሳትጠይቀኝ ከግድግዳ አወረድክ። ከቀትር በኋላ፣ የገደሉ ነፋስ ሲነሳ፣ ማዶ ያለው ቋጥኝ ላይ ተኮስክ። ጥይቱ ወደ ግራ ሲሄድብህ አፈሙዙ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ ወደ ቀኝ እንዲመለስ በመዶሻ ወደ ግራ ገፋሃት። ከዚያ ትንፍሽ ሳትል አውቶቡስ ተሳፈርክ። አንተ የዚህ ገደል ልጅ! ያ ነፋስ ባርኔጣ እንደሚነጥቅ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነፋሱን ትተህ ብረቱን መታህ።

በሄድክ በአሥረኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣ የዱር አሳማ በቆሎዬ ውስጥ ገባ። ጭንቅላቱ ወደ ግራዬ ነበር። በመቶ ሃያ እርምጃ ትከሻውን አልሜ ሳብኩ፤ ሆዱን አገኘሁት። ቆስሎ ዞረና አብሮኝ የነበረውን የእህታችንን የሱይ ዛን ልጅ፣ ሳንግ ሊያንን፣ ጭኑን ዘነጠለው። ሰውየው ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። መንደሩ ታንግ ክዮ አረጀ አለ። ጎረቤታችን ሉአይ ደግሞ፣ «አጎቴ፣ ከእንግዲህ ዶሮ ብትጠብቅ ይሻልሃል» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ ሳንቃ ላይ በከሰል ክብ አስምሬ በሠላሳ እርምጃ ተከልኩ። ጠመንጃ እንደ ሌባ ነው፤ መጀመሪያ በቅርብ ነው የሚመረመረው። በሩዝ ጆንያ ላይ አስደግፌ ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱም አንድ እንቁላል በሚሸፍነው ቦታ ገቡ፤ ግን ከክቡ በስተቀኝ አራት ጣት። ጥፋቱ የእጄ ቢሆን ይበታተኑ ነበር። ሉአይ ያኔ ነው አፉን የከፈተው፤ ወንድምህ በመዶሻ ሲነካት አይቼዋለሁ አለ። ማነጣጠሪያዋን በቀንድ ቁራጭ መታ መታ አድርጌ መለስኳት። በሠላሳ እርምጃ ክቡ መሃል ገባ፣ በሰባም ገባ። በመቶ ሃያ እርምጃ ግን ሁለት ጣት ዝቅ አለ፤ እሷን እኔ ከፍ አድርጌ በማለም አስተካክላታለሁ።

በአራተኛው ቀን ሌላ ትልቅ አሳማ በአንድ ጥይት ጣልኩ። አንገቱ የወንድም ድርሻ ነው፤ ሩቅ ላለም ደርቆ ከምድጃው በላይ ይጠብቀዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ላንተ ሰቅያለሁ። ዘንድሮ ለሳንግ ሊያን ሰጠሁት። መስቀያህ ባዶ ነው። የሚጽፍልኝ አስተማሪ ንጉን ሙዋል፣ አባባ ትንሽ እናለዝበው ብሎኝ ነበር፤ እንዳልኩህ ጻፍ አልኩት።

መስቀያህ እንዲሞላ ከፈለግህ ና። መጀመሪያ ሳንግ ሊያን እግር ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ በጠዋት፣ በሠላሳ እርምጃ፣ መንደሩ እያየ ሦስት ጥይት ትተኩሳለህ። መዶሻህን እዚያው ተወው።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምን አጠፋች። ለትልቋ ልጅህ፣ ለመንትዮቹም ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሱይ ዛ ሰላም ብላሃለች። ሳንግ ሊያንም ሰላም ብሎሃል፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። የእኔን ሰላምታ ስትመጣ ትወስዳለህ።

ቩምፒ መንደር፣ ቺን ኮረብታ
መስከረም 14 ቀን