ለጉሮሮው ብለን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

እህትሽስ አኮራችን! ሆስፒታል ኮዲንግ ክፍል ተቀጥራለች። ሐኪም የጻፈውን በሽታ እያነበበች መለያ ቁጥሩን ትመዘግባለች። አንድ አሃዝ ከተሳተ የሰውዬው ጉንፋን ስብራት ሆኖ ይቀመጣል፤ እሷ ግን አትስትም። ጎረቤቱ ኮዲንግ ሲባል ጥገና መስሎት የተበላሸ ሞባይሉን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

አደራ ያልሽኝ ልጅሽ ሰሞኑን አሞት ነበር፤ አትደንግጪ፣ ድኗል። ሳሉ የቡችላ ጩኸት ይመስል ነበር፤ እኔማ የሚጫወት መስሎኝ ሳቅኩ። እህትሽ ግን አየር ሲስብ ጉሮሮው ሲር ማለቱን ሰምታ፣ «ጄ ዜሮ አምስት! ክሩፕ ነው እማዬ!» ብላ የበሽታውን መለያ ቁጥር ከነስሙ ጠርታ፣ አቅፋው ወደ ሆስፒታል በረረች፤ እኔም ተከተልኳት። ሐኪሟም ያንኑ አለች። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥረዋል አሉ። የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥታው፣ «ሲያለቅስ ይብስበታልና አታስለቅሱት» ብላ ሸኘችን።

እህትሽን «እማዬ» ይላታል። «አክስቴ በል» ስንለው ስለሚያለቅስ፣ ለጉሮሮው ብለን ተውነው። አሁን ድምፁ እንደ ደወል ጠርቷል፤ እኛም እስካሁን አላረምነውም።

ትናንት ፎቶሽን አሳይቼው «ማናት?» ብለው፣ «ቆንጆ ሴትዮ!» አለኝ። ውበት ማወቁስ ያኮራል!

እስኪ ስታስተኚው ታዜሚለት የነበረውን በድምፅሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። ለሌላ እንዳይመስልሽ፤ ለጉሮሮው ነው።

የመመለሻሽን መንገድ ጨርቅ ያድርግልሽ።

እናትሽ