ከኤርኮንዲሽነሩ የወጣው ሽርጥ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.
ሐረር፣ ጀጎል

ዛሬ ያንን አሮጌ ኤርኮንዲሽነር ልጠግን ብዬ ፈታሁት። ምነው ባልፈታሁት!

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በታመሙ ጊዜ ሙቀት እንዳያስጨንቃቸው ብዬ በስንት ውጣ ውረድ ከጅቡቲ ያስመጣሁት ነው። ያንን የመሰለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አስበስቼ አስገባሁት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየልኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ማጉረምረም ብቻ ሆነ፤ ንፋሱ ጠፋ። ጋዙ አልቆ ነው ብዬ የሸጠልኝን ሰውዬ ስረግም ኖርኩ።

ዛሬ ክዳኑን ሳነሳው ንፋሱ የሚወጣበት ቦታ በጨርቅ ተወትፏል። ስቤ ስቤ አወጣሁት። የአባቴ ሽርጥ ነው።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «በርዷቸው እኮ ነው የወተፉት» አሉኝ። «ልጄ ለፍቶ ያመጣልኝ ነው፣ እንዳትነግሪው ብለው አስማሉኝ።»

ያኔ ንፋሱ ሳይጠፋ፣ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ተመቸዎት?» እላቸው ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» ይሉኛል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ተከናንበው። የበሽታው ብርድ ይመስለኝ ነበር። እጃቸውን እንኳ ዳስሼ አላየሁም። ዓይኔ ማሽኑ ላይ ነበር።

ሽርጡ ከወጣለት በኋላ እንደ አዲስ ይነፍስ ጀመር። ቤቱ ወዲያው ቀዘቀዘ። ሳላስበው ወደ እናቴ ዞሬ «ተመቸዎት?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ፣ ሻሻቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ እያደረጉ።