ሐሰተኛው ፊደል

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለየኔአለም፤ ከቤተ ሙከራ ብልቃጦችሽ ጋር እንደምን ሰነበትሽ?

የምውጠው ክኒን፣ የጉበቴ ቫይረስ ራሱን ገልብጦ ሲባዛ ሐሰተኛ ፊደል እያቀበለ ጽሕፈቱን እንደሚያስቆመው ያስተማርሽኝን ለማርቆሱ ሐኪም አስረዳሁት።

«አባባ፣ ይህን ከየት ተማሩት?» ብሎ ሳቀ።

«ቁም ጸሐፊ ነኝ፤ ፊደል እየሳትኩ ስንት ብራና ፍቄያለሁ!» አልኩት።

ሆዴን ሲዳስስ ግን ሳቁን ተወው። ሆዴማ ተነፍቷል፤ አያትሽ ደብሪቱ «መንታ ነው» እያለች ትስቅብኛለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ትቆያለች።

የምጽፍልሽ ዳዊት ገና ስድሳኛው መዝሙር ላይ ነው። የባለቤቱ ስም የሚገባው መጽሐፉ ሲያልቅ ነበር፤ ያንቺን ግን ትናንት በቀይ ቀለም አስገባሁት። እጄ ሲደክም ስምሽ እንዳይጠማመም ብዬ ነው።

በይ፣ ፈተናሽን ጨርሰሽ ቶሎ ነይ፤ የአባቶችሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አያትሽ ደመላሽ