ሞገድ ነው በል ቢሉት

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰንብተዋል? ሳሉ ለቀቅ አደረገዎት? እኔ በሥጋ አለሁ። እጄ እንደሚያውቋት ፊደል ላይ ቀርፋፋ ናት፤ ይህንንም እየተውኩ እያነሣሁ ነው የጻፍኩት።

መርዶው የደረሰኝ ገብስ ስናበራይ ነው። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ወደ አውድማው ሲመጡ አየሁና ሊያግዙኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሲቀርቡ አንዳቸውም መንሽ አልያዙም። ከኋላቸው አያሌው ነበር፣ ከልጄ ከታፈረ ጋር በጣና ጀልባ የሚሠራው። ብቻውን ነበር። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋቸውም።

እርስዎ ለቅሶ አልመጡም። ሰዎች ወንድምሽ የት ቀረ ሲሉኝ መንገዱ አስቸግሯቸው ነው እላለሁ። የጎረቤቴን የአልጣሽን ምላስ ያውቁታል፤ "አያሌው የመጣበትን መንገድ ለቄስ ማን ዘጋው?" አለችኝ። ኋላ የቀሩበትን ምክንያት አያሌው ነገረኝ። የጀልባው ሬዲዮ ለምን ዝም አለ ብለው እርስዎ ጠይቀውት እውነቱን አውጥቶልዎታል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አልገቡም አሉ።

ልጄ እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነበር። ከሌላ ከሰሙት ግን ሙሉውን ከእኔ ይስሙ።

ጀልባው አዲስ ሳለ ባለቤቱ ደምሌ እንዲባርኩለት ጠርቶዎት ነበር። ጀልባውንና ገመዱን በጠበል ረጩ። የተረፈውን ሁሉ የመገናኛ ሬዲዮው ላይ አፈሰሱት፤ ልጄ በችግር ቀን የሚጣራበት ይኸ ነው ብለው። ታፈረ ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ እያየ ዝም አለ። "እንዴት ብዬ ጠበል ይበቃል ልበል፣ እማዬ?" አለኝ።

ሬዲዮው ሲበላሽም አልደነገጠም። የአንድ ዓመት ዋስ አለው አለኝ። ዋሱ ማነው፣ አገሩ የት ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ ዋሱ ወረቀት ነው አለ። ወረቀት ዋስ ሆኖ ሲታሰር አይቼ አላውቅም ብዬ እኔም ሳቅሁ። ሬዲዮውን ይዞ እስከ አስመራ፣ እስከ ተገዛበት ሱቅ ሄደ።

የሱቁ ሬዲዮ ሠሪ ፈትቶ አየና ምን ውኃ ገባበት ብሎ ጠየቀው። ለጀልባ የተሸጠ ስለሆነ ሞገድ ቢገባበት ሱቁ በነፃ ያድሳል፤ ሰው ካፈሰሰበት ግን ዋስትናው ፈርሷል። ሰውየው አዘነለትና "ሞገድ ነው በል፤ እኔም ልጻፍ፣ አንተም አገርህ ግባ" አለው። ታፈረ ጠበል ነው አለ። "አንተ ሰው፣ ጠበልስ ውኃ አይደለም?" ቢለው፣ "አጎቴ የባረኩትን አልክድም" አለ። እንደ ተበላሸ መለሱለት።

ደምሌም ሌላ አልገዛም። አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ሲሻገሩ ከማን ጋር ያወሩ ነበር ብሎ ቀለደና ጭነቱን አስጫነ።

የመጨረሻውን የሚያውቀው በርሜል አቅፎ የተረፈው አያሌው ነው። ነፋሱ ሲነሣ ሌላ ጀልባ ከአንድ ደሴት ጥግ ተጠግቶ ነበር፤ ያ ጀልባ ሬዲዮ ነበረው። የእነሱ ጀልባ ሲሰጥም ታፈረ የሞተውን ሬዲዮ እያዞረ ያንን ጀልባ ይጣራል። አያሌው "ተወውና ዝለል!" ብሎ ቢጮህበት፣ "አጎቴ ባርከውታል፣ ይሰማል" አለው። ከዚያ በኋላ አላየውም።

ይህችን ላስቀርልዎ አስቤ ነበር። ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ። አልተቀየምኩም ብዬ መጻፍም ፈልጌ ነበር፤ ገና አልሆነልኝም።

ሬሳው አልተገኘም። ሄጄ የምደፋበት መቃብር የለኝም። የቀረኝ ጸሎት ብቻ ነው፤ እሱም ይደርስ እንደሆን አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ። ታፈረን ወልደ ሰንበት ብለው ያጠመቁት እርስዎ ነዎት። በአርባው ያንን ስም ሌላ ቄስ እንዲጠራው አልፈልግም። እኔን ለማየት ካፈሩ አይዩኝ፤ መቅደስ ግን ይግቡ።

የአባታችን አምላክ ጤና ይስጥልኝ፣ ደጁንም አያሳጣዎ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው የሚያነብልዎ ከሆነ፣ አንባቢውንም እለምናለሁ፤ ወረቀቱን ከማጠፍዎ በፊት የወልደ ሰንበትን ነፍስ ይማር ይበሉልኝ።

እኅትዎ