በሻሽ የተሸፈነው ስክሪን

ውድ ወንድሜ ዝናው፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። ይህን ማን ጻፈለት ብለህ አታስብ። የጻፍኩት እኔ ሽታው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ስነክር ያየኸኝ ሰውዬ፣ ዛሬ የሳሙና ካርቶን በለው የባጃጅ ጀርባ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። በማታው ትምህርት ክፍል ከእኔ የሚበልጥ የለም። ጎረቤቴ ዙለይሃ ትበልጠዋለች የሚሉ አሉ፤ እሷ ፊት ወንበር ስለምትቀመጥ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትል። በስልክማ ሞክሬ አየሁት። ታነሳለህ፣ "መጣ?" ትላለህ፣ "አልመጣም" እላለሁ፣ ትዘጋዋለህ። ሐይቁ ሞላ ወይ የለ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ የለ፣ እጮኛህ ሰሎሜ እንዴት ናት የለ። ደብዳቤ ግን የልቤን ተናግሬ እስክጨርስ አይዘጋም። ብትቀደው ሌላ እጽፋለሁ፤ እጄ እንደሆነ ተፍታቷል።

መኪናህ ደህና ናት። ደህና ስል እንደተውካት አለች ማለቴ ነው። ግቢዬ ውስጥ ከባሕር ዛፎቹ ስር ቆማለች። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አቧራ ሲያለብሳት በየጠዋቱ እጠርግላታለሁ። ዶሮዎቼ ከኋላዋ ያለውን ክንፍ ማደሪያ አድርገውታል። ይህ ለፍጥነት የተሠራ ነው ብዬ ባስረዳቸውም አልሰሙኝም፤ ስትፈጥን አላዩማ።

ቻርጅ የማደርጋት ገመድ ከቤት ዘርግቼ ነው። ቆጣሪው የእኔና የዙለይሃ የጋራ ስለሆነ መኪናህ መጠጣት ስትጀምር የዙለይሃ አምፖል ይደክማል። ያኔ አንገቷን በአጥሩ ላይ ታወጣለች።

"ሽታው! ያቺ ሙሽራ ዛሬም አልጠገበችም?"

"ትንሽ ታገሺ ዙለይሃ፣ ጉልበቷ ሊመጣ ነው።"

"ወላሂ ይኼ ጉልበት ከየት አገር ነው በእግሩ የሚመጣው? ሐጅ የሄዱት እንኳ ተመልሰው ዘምዘሙን ጠጥተን ጨረስነው!"

ምን ልበላት? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላት?

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ የረሳኸው ስለመሰለኝ እኔው ላስታውስህ። ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ ይዘሃት መጣህ። በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ሁለት በር ያላት፣ ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የእሽቅድምድም መኪና። በአገሩ እንደሷ ያለ ሌላ የለም አልከኝ። ሙሉ ጉልበቷ ግን በሶፍትዌር ተቆልፏል፤ ፋብሪካው በኢንተርኔት እስኪልከው ድረስ በግማሽ ጉልበቷ ትሄዳለች አልከኝ። ስክሪኑ ላይ የእሽቅድምድሟን ምልክት አሳየኸኝ። ሌሎቹ ሁሉ በርተው እሷ አመድ መስላለች፤ ብትጫናትም አትሰማም። ከስሯ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ምን ይላል ስልህ "በቅርቡ" አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ላክን፤ ጋሼ በዕውቀቱም ልጃቸውን ሰሎሜን ሊሰጡህ ቃል ገቡ። ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። እዚያ ላይ አመስግነህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? ዕድሜያቸውን በአይሱዙ መሪ ላይ ለጨረሱ ሰውዬ "ይምጡ ጋሼ፣ በመኪናዬ ውጫሌ ደርሰን እንመለስ፣ መንዳት ምን እንደሆነ ላሳይዎ" አልካቸው።

አንተ መሪ ላይ፣ ጋሼ ጎንህ፣ እኔ ከኋላ። የኋላው መቀመጫ ለሰው ይሁን ለድመት የተሠራ እስካሁን አልገባኝም፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። ዳገቱን ስንጀምር አስፋልቱ ተቦርቡሮ ነበርና ሆዷ እንዳይጫር ፈርተህ እንቁላል እንደያዘ ሰው ትሄድ ጀመር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። ጥሩምባውን ነፋና አለፈን። ማለፉስ ባልከፋ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "ወንድም! ገመድ አለን፣ እንጎትትህ?" አለህ እንጂ።

ጋሼ በዕውቀቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "አይዞህ ልጄ፣ ዓይነ አፋር ሆና ነው፤ ትለምዳለች" አሉህ። እኔም ስቄያለሁ፤ ከኋላ ቦታ ስለሌለ ሳቄ አልወጣም እንጂ። የአንተ ጆሮ ግን ቀላ። "ሶፍትዌሩ ስላልመጣ ነው" ብለህ ሐይቅ እስክንመለስ ሌላ ቃል አልወጣህም። በራቸው ላይ "ግባ፣ ምሳ ቀርቧል" ሲሉህ ጎረቤት እየሰማ "ግሸን ማርያምን! የዚህችን መኪና ሙሉ ጉልበት ሳላሳይዎ ይህን ደጅ አልረግጥም!" ብለህ ማልክ። ቁልፉን ለእኔ ወርውረህ፣ በማግስቱ በሚኒባስ፣ ያውም በሩ ስር ባለችው ትርፍ ወንበር አዲስ አበባ ገባህ።

ከዚያ ወዲህ የሐይቅ ከተማ ሰላምታ "መጣ ወይ?" ሆኗል። እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው "መጣ ወይ?" ዓሣ የሚገዙኝ "መጣ ወይ?" ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ ከጎኔ ያለው ሰው በክርኑ ነካ አድርጎ "መጣ ወይ?" ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አፌ መች ዝም ይላል። ጉልበቷ የመጣ ዕለት ከሐይቁ ያወጣሁት ቆሮሶ ዓሣ ደሴ ሲደርስ ገና ጭራውን እየመታ ይሆናል ብዬ ለከተማው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ዓሣ በሸጥኩ ቁጥር ጭራውን አንስተው "ይቺ ናት ደሴ የምትሄደው?" ይሉኛል።

በኅዳር ይመጣል ተባለ። ከኅዳር ወደ ገና ዞረ። ገና ሲያልፍ ደግሞ የጥምቀት ሰሞን አልክ። ስልክህ ላይ ያለው የመኪናዋ መቆጣጠሪያ በዚህ አገር አይሠራም ስላልክ፣ በየጠዋቱ የእኔን ስልክ ኢንተርኔት ከፍቼላት አጠገቧ እቆማለሁ፤ ልክ ላም እንደሚያልብ ሰው። እንግሊዝኛውን ማን እንደሚያነብልኝ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አታውቅም። ሰሎሜ ናት። ቀን ልጆች አስተምራ፣ ማታ እኛን ጎልማሶቹን ሀሁ የምታስቆጥረን ራሷ ሰሎሜ። ወደ ክፍል ስትሄድ በእኔ ግቢ በኩል ታልፋለች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ታነባለች፤ ትወጣለች።

"ዛሬስ ምን ይላል?"

"በቅርቡ ይላል።"

አንድ ቀን በሩን ከዘጋች በኋላ ቆመች። "ሽታው፣ ግን ይኼ ነገር መኪናዋን ነው ወይስ እኔን ነው በቅርቡ የሚለው?" አለችኝ። እኔ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማላጣው ሰው የጠረግኩትን መስታወት እንደገና መጥረግ ያዝኩ። የገዛ ሰርጓ መዘግየቱን በየሳምንቱ የምታነብ ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ያናድዳል ዝናው። በጣም ነው የሚያናድደው።

ትዝ ይልህ እንደሆነ ልጆች ሆነን ሐይቁ ውስጥ እስከ ደንገሉ ስንዋኝ ሁልጊዜ የምቀድመው እኔ ነበርኩ። ይህ ጉራ አይደለም፣ አንተም ታውቀዋለህ። በተሸነፍክ ቁጥር ጥርስህ እየተንገጫገጨ "ውሃው ስለበረደ ነው፤ ሲሞቅ አሳይሃለሁ" ትለኝ ነበር። ውሃው ስንት ጊዜ ሞቀ። በሞቀ ቀን አንተ አትመጣም። ያኔ ያልነገርኩህን አሁን በጽሑፍ ልንገርህ፤ ብትሸነፍም ከአንተ ጋር መዋኘት እወድ ነበር። አንተ በቀረህበት ቀን ደንገሉ ጋ ቀድሜ ደርሼ ዞር ስል ማንም የለም። ብቻዬን ማንን ልቅደም?

ደግሞስ ጉልበቷ ቢመጣ የት ልትነዳት ነው? ዳገቱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሶፍትዌር ይደፍነዋል? ገበያ ቀን መንገዱን የሚሞሉትን ፍየሎች ፋብሪካው በኢንተርኔት ያነሳቸዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰሎሜ ከአባቷ ጋር መጣች። ጥር ሊያልቅ ነው፤ ከጥር በኋላ የቀረን የቅበላው እሁድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጾሙ ይገባል። ጋሼ ዳሱን ልጣል ወይስ ልተው ብለው ነው የመጡት። ሰሎሜ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ስክሪኑ ላይ ረዘም ያለ አዲስ ጽሑፍ ነበር። አንብባው በሩን ከፍታ ወጣች።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"እንደገና ተራዝሟል ይላል። ወሩን ሳሰላው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እሱም ምናልባት። ለትዕግስትዎ እናመሰግናለን ይላል።"

"የምን ትዕግስት? እኔ መቼ ሰጠኋቸው!" ብዬ ጮህኩ። ዶሮዎቹ ከክንፉ ላይ ወረዱ።

ወዲያው ደወልኩልህ። አታውቅም እንጂ ድምፅህ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። "እንግዲያ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ይሁና፣ ምን ችግር አለው" ብለህ ዘጋኸው።

ጋሼ በዕውቀቱ የመኪናዋን ጣራ ተደገፉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ግቢዬን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ሽታው፣ ይኼ ልጅ የማለው የእኔን ደጅ ላይረግጥ ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"በግሸን ማርያም ስለማለ አፍርሰው አልለውም። ያንተን ግቢ አልረግጥም ብሏል?"

"ኧረ አላለም!"

"በል ከእነዚህ ባሕር ዛፎች ቁረጥና አዘጋጅ። ዳሱ እዚህ ይጣላል። ድግሱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።" ሊሄዱ ብለው ተመለሱ። "አንድ ነገር ደግሞ ንገርልኝ። ያን ዕለት የሳቅሁት በሱ አይደለም። ያችን ዳገት እኔም ስንት ቀን ገመድ ለምኜ ተጎትቼባታለሁ። የራሴ ትዝ ብሎኝ ነው። ምሳ ላይ ልነግረው ነበር፤ እሱ መች ገባ።"

ሰማህ? ምሳውን ብትበላ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሰሎሜ ግን ፈገግ አላለችም። አንገቷ ላይ የነበረውን ሻሽ ፈታች፤ አረንጓዴውን፣ አንተ የገዛህላትን። መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ ገብታ ስክሪኑን ሸፈነችውና ከኋላው ቋጠረችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኢንተርኔቱን አትዝጋባት። የሚመጣ ከሆነ ይምጣ። ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላነብልህም፣ አንተም አታይም። መጣ ወይ ብሎ ሲደውል አላውቅም በለው። ለመኪናዋ ይምጣ ለእኔ ይምጣ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"የቅበላ እሁድ ካልመጣስ?"

"ሻሼን ፈትቼ እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑን እንደፈለገ ያንብበው።"

ክፍል ውስጥ ፊደል ስንስት "እንደገና" በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው። እኔ ደግሞ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ "እንደገና" ትላለች፣ በሦስተኛው ሰሌዳውን ታጠፋዋለች።

ዛሬ ጠዋት አቧራዋን ስጠርግ ከሻሹ ስር መኪናዋ ድምፅ ሰጠች። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ነው፤ ደስ የሚል። ምን እንደሆነ እንጃ። ባትሪዋ ጎድሎም ይሆናል። እንግሊዝኛ ባላነብም ያን "በቅርቡ" የሚለውን ጽሑፍ ቅርጹን ከፊቴ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ የሻሹን ጫፍ በሁለት ጣት ገለጥ ባደርገው አለ ወይስ ጠፋ የሚለውን ማወቅ እችል ነበር። እጄ ሄዶም ነበር። መለስኩት።

ዙለይሃ በአጥሩ ላይ አይታኝ "ምን አለች?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"አላውቅም? አንተ? ሽታው?" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅብኝ ገባች። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሳላነብ ያለፍኩት ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደውለህ እንዳትጠይቀኝ። በሄድክበት ሚኒባስ ና፤ ትርፍ ወንበሯ አሁንም በሩ ስር አለች። ባሕር ዛፎቹን ቆርጬ ልጬአቸዋለሁ፤ የዳሱን ጉድጓድ መቆፈር ጀምሬአለሁ። ሻሹን የምትፈታው አንተ ከሆንክ ስክሪኑ ምን እንደሚል አብረን እናየዋለን፤ እሷ ከሆነች ግን እኔ የማነብልህ ነገር የለም።

እሁድ በሬ ላይ ቆሜ የምጠብቅህ ሚዜህ፣
ሽታው፤ በራሱ እጅ
ሐይቅ