ያልተነካችው ጎባጣ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ሁለት መብራት ሞቷል። መሰላል፣ ኮርኒስ፣ አቧራ... ሽቦ ልልጥ ጎባጣዬን፣ እጀታዋ የጎበጠ ሰንጢዬን፣ ስከፍት ቀጭ አለች። ሞላዋ ተሰበረ። ስለቷ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ሥራውን በጥርሴ ጨረስኩት። የሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ በጥርሷ ስትልጥ በሽተኛ ቢያይ ምን ይላል?

ግድ የለም። ፋብሪካው ሞላ ይልካል፤ ባለፈውም ልኮልኛል። ቤት ደግሞ ያልተነካችው አለች... እሷ ግን አትነካም። ባሌ ይሄን በሰማ ቁጥር ይስቃል። "የማይበራ አምፖልም ትገዢያለሽ?" አለኝ ዛሬ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? የጎባጣ ሰብሳቢ ሁለት ሰንጢ ነው የሚይዘው። አንዷ ለሥራ። አንዷ ከነቆዳ ኪሷ፣ ከነካርቶኗ፣ በፕላስተር ታሽጋ ቁምሳጥን ውስጥ። አትከፈትም። ከተከፈተችማ ምኑን ያልተነካች ሆነች?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ጉድ ፈላ።

እንደ ሁልጊዜው ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ተሰብስበናል፤ እኔ፣ እሱና ጋሼ ምላጭ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጋሼ አንድ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ስማቸውን ያወጣንላቸው ስለት በክንዳቸው ፀጉር ስለሚሞክሩ ነው። ግራ ክንዳቸው ላይ አንድ ፀጉር የለም። ስለ ስለት መሳያ ዘይት ስንጨቃጨቅ ቁልፍ ሠሪው ስልኩን እያየ ድርቅ አለ።

"ምነው?"

"አቁመዋታል።"

"ማንን?"

"ጎባጣዋን!"

ስልኩን ተቀባበልነው። ፋብሪካው አንድ መስመር ነው የጻፈው። "ይህ ሞዴል ከዚህ ወር ጀምሮ አይመረትም።" እኔ ልጅ እያለሁ ጀምሮ የነበረች ሰንጢ፣ በአንድ መስመር! ከሥሩ የተተኪው ፎቶ። ፕላስቲክ እጀታ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ የእጅ ባትሪ። ባትሪ! ሰንጢ ላይ!

"እጀታዋ የጎበጠው እኮ መዳፍ ውስጥ ገጥ እንድትል ነው" አልኩ። ለማን እንደምናገር እንጃ። ቁልፍ ሠሪው ያላወረደው ስድብ የለም። ጋሼ ግን የራሳቸውን አወጡ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። እሳቸው ሁለተኛ ይዘው አያውቁም። "የታሸገ ሰንጢ ምን ያደርግልኛል?" እያሉ ሲያሾፉብን ነው የኖሩት።

ቁልፍ ሠሪው ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ጉዳይ አለኝ አለ... የምን ጉዳይ?

ሰኞ፣ ግንቦት 14

የምን ጉዳይ እንደሆነ ታወቀ። ከሥራ ስወጣ መሣሪያ መደብሩ ጎራ አልኩ።

"ጎባጣ አለ?"

"ሰባት ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰው ጠቅልሎ ወሰዳቸው።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"አጠር ያለ... አንገቱ ላይ ክምር ቁልፍ ያንጠለጠለ።"

ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ለማስታወሻ ነው" አይለኝም? ሰባት ማስታወሻ! ምን እንዳይረሳ ነው?

"አንዷን ሽጥልኝ። የሥራዬ ሞላዋ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ ሞላም አይልኩም።"

"አንቺ ያልተነካችዋን ትሸጫለሽ?"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ከተቀመጥኩ ሰው ነው እንግዲህ ይሄ። ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው "አንቺስ ቀድመሽ ብትደርሺ ስንቱን ትወስጂ ነበር?" አለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 17

ሁለተኛ ፎቅ ሶኬት ልቀይር ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሼ ምላጭን። ባለቤታቸው እትዬ ከእሁድ ጀምሮ እዚህ ተኝተዋል። አልነገሩንም።

በር ላይ ጥበቃው ጎባጣቸውን ነጥቋቸዋል። ስለት አይገባም ብሎ። ወርጄ ጠየቅኩት። የተያዘ ዕቃ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከፈተልኝ፤ ሁለት መቀስና አንድ ሹካ። "የት ገባች?" "እንጃ፣ ተረኛው እኔ አልነበርኩም።" ጮህኩበት። ተረኛ የነበረውን አስጠርቼ እሱም ላይ ጮህኩበት። አልተገኘችም።

ተመልሼ ስወጣ ጋሼ ወንበሩ ላይ እጃቸውን በጉልበታቸው ያሻሻሉ።

"ያቺን ያልተነካችዋን ታውሺኛለሽ? ብርቱካን ልልጥላት ነበር።"

"ከኩሽና ቢላ ላምጣልዎት።"

"በሌላ ቢላ እጄ ይንቀጠቀጣል ልጄ። ያቺ ናት እጄ ውስጥ የምትረጋው።" ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። "ሐኪሙ ትናንት ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። ደህና ነገር አይደለም የነገረኝ። ለእሷ ደግሞ አልነገርኳትም። አጠገቧ ስቀመጥ እጄ ሥራ ከሌለው ፊቴን ታያለች። ፊቴን ካየች አለቀ።"

ምን አልኳቸው? "ላስብበት።"

ላስብበት! ምኑን ነው የማስበው?

ዓርብ፣ ግንቦት 18

ባሌ "ስጪያቸው" ይላል። ለእሱ ቀላል ነው።

"ከዚያስ? ሁለተኛ አትሠራም እኮ!"

"እትዬንስ ማን እንደገና ይሠራቸዋል?"

ተኮራረፍን። እሱ ላይ ነው የተናደድኩት ወይስ ፋብሪካው ላይ? መሥራታቸውን ባያቆሙ ኖሮ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ እገባ ነበር? ባትሪ ይሠራሉ እነሱ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19

ሄጄ ልሰጣቸው ወሰንኩ። ጠዋት ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ስድስት ዓመት ሆኖኛል ካየኋት። ካርቶኑ ደህና። የቆዳ ኪሷም ደህና፤ ትንሽ ሻጋታ ብቻ ሸተተኝ። ሳወጣት...

ወይ ነዶ!

ዝጋለች። ቆዳው የነካት ጎን ሁሉ ተበልቷል። ልከፍታት ብል እምቢ። በፒንሳ ስቤ በግድ ስከፍታት ስለቷ ቡናማ ሆኗል፣ ጫፉ ተቦርቡሯል። ማንም እንዳይነካት ስጠብቃት ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ሲበላት ኖሯል ለካ። አለቀስኩ። ለሰንጢ! ባሌ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

በርሬ ቁልፍ ሠሪው ጋ። ከስድቡ ሁሉ የከፋውን መርጬ ነበር የሄድኩት። ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ ስወረውራት ፊቱ ተለዋወጠ።

"ከቆዳው ሳታወጪያት?"

"ሳላወጣት።"

መሰላል ላይ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ የራሱን ያልተነካች አወረደ። ፕላስተሩን ቀደደ። ከእኔዋ የባሰች! ተያየን። ስድቡ ጠፋኝ።

"ሰባቱስ?" አልኩት። "አንዷን ለጋሼ ስጣቸው።" ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

አንገቱን ደፋ። "ሐሙስ ዕለት ሸጥኳቸው። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው..."

እንደገና ደሜ ፈላ። አሁን ስድቡ መጣልኝ፣ አንድም ሳላስቀር ለቀቅኩበት። ስጨርስ "የተሰበረችዋን አምጪያት" አለ።

ከቦርሳዬ አወጣሁለት። የዛገችዋን ፈታታት። ሞላዋ ዘይት ውስጥ ስለነበር ደህና ነው። አወጣውና የሥራዬ ላይ አስገባው፣ በትንሿ መዶሻ ቶክ ቶክ አድርጎ ቀጠቀጠው። ከፈትኳት። ቀጥ ብላ ቆመች።

"ስንት ልክፈል?"

"ሂጂ ከዚህ!" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

ሰኞ፣ ግንቦት 21

በሠራተኛ በር ከመሣሪያ ቦርሳዬ ጋር አስገባኋት። ጥበቃው አየት አደረገኝ። እስኪ ይናገረኝ አልኩ፤ አልተናገረም።

ጋሼ ተቀብለው ከፈቷት። ልማዳቸው ነውና በግራ ክንዳቸው ሊሞክሩ አሉ፤ ፀጉር የለም። ወደ ቀኙ ዞሩ።

"ይቺማ የሥራሽ ናት። ያልተነካችዋስ?"

"ውስጧ ገብታለች" አልኩና ታሪኩን ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ገብተው እትዬ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ብርቱካኑ ላይ አቀርቅረው ልጣጩን አንዴም ሳይቆርጡት እስከ ጉልበታቸው አወረዱት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲስተሯ አይታ እንዳላየች አለፈች።

ዓርብ፣ ግንቦት 25

ምሳ ሰዓት አወጣላቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ ይዣት እወርዳለሁ። ለሽቦ አዲሱን ገዛሁ። አዎ፣ ፕላስቲኩን። ባትሪው ኮርኒስ ውስጥ ይረዳል። ይሄንን ግን ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ሄጄ አላወራውም!

ዛሬ ጋሼ ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ እትዬ በእጃቸው ጠቀሱኝ።

"እኔ እኮ ብርቱካን አልወድም። ሆዴን ያቃጥለኛል።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?"

"ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል። ከእሱ በፊት ነው የነገረኝ።" የትራሱን ጠርዝ አስተካከሉ። "እሱ ብርቱካኑን ሲያይ እኔ እሱን አያለሁ። ጠግቤ አላየሁትም። ተይው፣ ይላጥ።"

ከአልጋው ሥር የወደቀ ልጣጭ ለቀምኩ።

ጋሼ ተመለሱ። "ምን እያላችሁ ነው የምታሙኝ?"

"ብርቱካን አነሰን እያልን ነው" አሉ እትዬ።

ጋሼ ደስ ብሏቸው ቁጭ አሉና ሌላ መላጥ ጀመሩ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለኝም። የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ሆስፒታል እገባለሁ።